ዕቁብ ወጥቶልኛል፤ አዲስ ካሜራ ልግዛ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ካኖን 700ዲ ካሜራ ከ18-55 ሌንሱ ጋር አለኝ፤ ያገለገለ ነው የገዛሁት። ፎቶ የማነሳው ለራሴ ነው። ሁለት ትናንሽ ልጆቼን፣ ሐይቁንና ወፎቹን፣ አልፎ አልፎም የወዳጅ ዘመድ ሠርግ አነሳለሁ። ማታ ቤት ውስጥ የማነሳው ሁሉ ይደበዝዛል። ወፎቹ ጥርት አይሉም። ሠርግ ላይ ደግሞ የሰው ፊት ይጨልምብኛል። የባለቤቴ ስልክ እንኳ ማታ ከኔ ካሜራ የተሻለ ያነሳል። ጓደኞቼ «ካሜራህ አርጅቷል፣ ሚረርለስ ግዛ» ይሉኛል፤ ውስጡ መስታወት የሌለውን አዲሱን ዓይነት ማለታቸው ነው። አሁን ዕቁብ ወጥቶልኛል፤ ካኖን አር10 ከ18-45 ሌንሱ ጋር አግኝቻለሁ። ልግዛው? ከሸፉብኝ ያልኳቸውን ሦስት ፎቶዎች ልኬልዎታለሁ።

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ዕቁቡ ወጣልህ።

መልሱን አላቆይህም። አር10ን አሁን አትግዛው። በተለይ ከዚያ ሌንስ ጋር አትግዛው። ካሜራው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ በጣም ጥሩ ካሜራ ነው። ነገር ግን ከላክህልኝ ሦስት ችግሮች አንዱንም ሙሉ በሙሉ አይፈታልህም። በጣም የሚያሳስብህን፣ የልጆችህን ፎቶ፣ የሚያሻሽለውም ከምታስበው በታች ነው።

«አዲስ ካሜራ ያስፈልገኛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ካሜራውን በማየት አይመለስም። የሚመለሰው የከሸፈውን ፎቶ በማየት ነው። ምን አከሸፈው? እንቅስቃሴ? የብርሃን ማነስ? ርቀት? የብርሃን ልኬቱ ስህተት? አንተ ደግሞ ጥሩ ሥራ ሠርተሃል፤ ፎቶዎቹን በቴሌግራም የላክሃቸው እንደ ፋይል ነው። እንደ ተራ ፎቶ ብትልካቸው ኖሮ ቴሌግራም ያሳንሳቸው ነበር፤ ውስጣቸው የተመዘገበው መረጃም ይጠፋ ነበር። አሁን ግን የሻተሩን ፍጥነት (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ)፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ አይ ኤስ ኦውን (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበትን መጠን) ሁሉ አየሁት። ሦስቱም የከሸፉት በተለያየ ምክንያት ነው። ጓደኞችህ ለሦስቱም አንድ መድኃኒት ነው ያዘዙልህ።

ከልጅህ ፎቶ ልጀምር፤ ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው።

ትንሿ ልጅህ ሶፋ ላይ ስትዘል ነው ያነሳሃት። ሌንሱ 55 ሚሊ ሜትር ላይ፣ ማለትም በጣም በሚያቀርብበት ጫፉ ላይ ነው። አፐርቸሩ ኤፍ 5.6፣ ሻተሩ 1/15 ሰከንድ፣ አይ ኤስ ኦው 1600 ነው። አሁን ፎቶውን አጉልተህ ሶፋውን ተመልከት። የጨርቁ ጥለት ጥርት ብሎ ይታያል። የደበዘዘችው ልጅቷ ብቻ ናት። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። እጅህ ተንቀጥቅጦ ቢሆን ኖሮ ሶፋውም አብሮ ይደበዝዝ ነበር። ሌንስህ ላይ ያለው ማረጋጊያ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ትኩረቱም አልሳተም። ችግሩ 1/15 ሰከንድ ለሚዘል ልጅ በጣም ረጅም ጊዜ መሆኑ ነው። ማረጋጊያ ያንተን እጅ ያረጋጋል እንጂ ልጅን አያረጋጋም። ለሚንቀሳቀስ ልጅ ቢያንስ 1/125 ያስፈልግሃል፤ ለሚዘል ደግሞ 1/250።

ከ1/15 ወደ 1/250 ለመድረስ ወደ ካሜራው የሚገባው ብርሃን በየደረጃው አራት ጊዜ እጥፍ መሆን አለበት። 1/30፣ 1/60፣ 1/125፣ 1/250። እያንዳንዱን እጥፍ እኛ አንድ ስቶፕ እንለዋለን። ስለዚህ ያንተ ዕዳ አራት ስቶፕ ነው። አሁን ጥያቄው «ካሜራ ልግዛ?» መሆኑ ቀረ። «አራት ስቶፕ ከየት ላምጣ?» ሆነ።

የመጀመሪያዎቹ ያለ ወጪ ይገኛሉ። የካሜራህ የአይ ኤስ ኦ አውቶ ጣሪያ 1600 ላይ የተቀመጠ ይመስላል፤ ማታ ያነሳሃቸው ሁሉ እዚያው ላይ ቆመዋል። ሜኑ ውስጥ ግባና 6400 አድርገው። ሁለት ስቶፕ አገኘህ። 700ዲ በ6400 ነጠብጣብ ያበዛል፤ እሱን አልደብቅህም። ግን ነጠብጣብ ያለበት ጥርት ያለ ፎቶ ፎቶ ነው። የደበዘዘ ፎቶ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ የሚጠራበት መንገድ የለም። ቀጥሎ ሌንሱን ከ55 ወደ 18 መልሰህ ወደ ልጅህ ቅረብ። ሌንስህ 18 ላይ ሲሆን እስከ ኤፍ 3.5 ይከፈታል። ይህ ደግሞ አንድ ስቶፕ ከሲሶ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ሻተርህ ወደ 1/160 ገደማ ይደርሳል። አንዲት ሳንቲም አላወጣህም። ጉዳቱ በ18 በጣም ስትቀርብ አፍንጫና ግንባር ይተልቃል፤ ስለዚህ ለሙሉ ቁመትና ለጨዋታ ፎቶ እንጂ ለፊት ብቻ አትጠቀምበት።

ሌላው ብርሃኑ ራሱ ነው። ፎቶው ላይ እንደማየው ሳሎንህን የሚያበራው ጣሪያው መሃል ላይ ያለው አንድ አምፖል ነው። የጠረጴዛ ወይም የቁም መብራት ካለህ አምጣው። መብራትን ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር ብታቀርበው ልጅህ ላይ የሚያርፈው ብርሃን በአራት እጥፍ ይጨምራል። ይህ ብቻውን ሁለት ስቶፕ ነው። ደግሞም ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ ፊቷ ቅርጽ ያገኛል። ከአናት የሚወርድ አምፖል ዓይንን ጥቁር ጉድጓድ ነው የሚያስመስለው።

አሁን ወደ ሌንስ እንምጣ። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም የሚባል ትንሽ ሌንስ አለ። 160 ግራም ነው የሚመዝነው። በኤፍ 2 ብትጠቀምበት አሁን ካለህ ኤፍ 5.6 ጋር ሲነጻጸር ሦስት ስቶፕ ይሰጥሃል። ማለትም በዚያው ምሽት፣ በዚያው አምፖል፣ በዚያው አይ ኤስ ኦ 1600፣ ሻተርህ 1/15 መሆኑ ቀርቶ 1/125 ይሆናል። አይ ኤስ ኦውን 3200 ካደረግከው 1/250 ደረስክ። ዕዳው ተከፈለ።

አር10 ከ18-45 ሌንሱ ጋር ቢሆንስ? ያ ሌንስ 45 ላይ ሲደርስ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 6.3 ብቻ ነው። ልብ በል፤ አሁን ካለህ ሌንስ የባሰ ጠባብ ነው! የአር10 ሴንሰር አዲስ ስለሆነ በነጠብጣብ በኩል በግምት አንድ ስቶፕ ያህል ይሻልሃል። ከዚያ ላይ ሌንሱ ሲሶውን ይወስድብሃል። ያንን ሁሉ ገንዘብ አውጥተህ የምታተርፈው ከአንድ ስቶፕ በታች ነው። ትንሹ ሌንስ ግን ሦስት ስቶፕ ይሰጥሃል። የዋጋውን ርቀት ለማየት ሁለቱም አሜሪካ ውስጥ ገበያ ሲወጡ የነበራቸውን ተመልከት፤ ሌንሱ 126 ዶላር ገደማ፣ የአር10 ባዶ አካሉ ብቻ 980 ዶላር ገደማ። እኛ አገር ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ የብሩ ዋጋ የት እንደደረሰ አንተም ታውቀዋለህ። የሁለቱ ርቀት ግን ያው ነው።

50ው ለቤትህ ይጠብ እንደሆነ አስቀድመህ መሞከር ትችላለህ። አሁን ያለህን ዙም 50 ላይ አድርገህ በፕላስተር አስረው። ጥቂት ምሽቶች እንደዚያ አንሳ። ሳሎንህ ጠቦህ ግድግዳው ጀርባህን እየነካ ካስቸገረህ፣ 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 ይሻልሃል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። የልጆች ፊትና ትከሻ ከሆነ ፍላጎትህ 50ው ይበቃሃል።

አንድ ጥንቃቄ ልንገርህ። በኤፍ 2 ከሁለት ሜትር ርቀት ስታነሳ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱ ልጆች አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ ከሆኑ አንዷ ትደበዝዛለች። ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ትኩረቱን መሃለኛዋ ነጥብ ላይ ብቻ አድርግና ቅርብ ያለው ዓይን ላይ አሳርፍ። የ700ዲ ዘጠኝ የትኩረት ነጥቦች ውስጥ በጣም የምትታመነው መሃለኛዋ ናት።

ፍላሽም አለ። የካሜራው ላይ ብቅ የምትለዋን ማለቴ አይደለም፤ እሷ ፊትን ጠፍጣፋ አድርጋ ግድግዳው ላይ ጥላ ትጥላለች። ከላይ የሚሰካ፣ አንገቱ የሚዞር የጎዶክስ ወይም የዮንግኑዎ ፍላሽ ነው የምለው። ኮርኒስህ ነጭ ከሆነ ፍላሹን ወደ ላይ አዙረህ ተኩስ። ብርሃኑ ከኮርኒሱ ተመልሶ ለስለስ ብሎ ይወርዳል፣ ልጅቷም ስትዘል አየር ላይ ቀጥ ትላለች። ኮርኒሱ ባለ ቀለም ከሆነ ግን ቀለሙ ፊት ላይ ይመጣል። የሠርግ አዳራሽ ውስጥም አትመካበት፤ ጣሪያው ሩቅ ነው፣ ዲኮሩም ጨርቅ በጨርቅ ነው።

የባለቤትህ ስልክ ለምን ይበልጥሃል? ስልኩ ማታ የሚያነሳው አንድ ፎቶ አይደለም። በፍጥነት ብዙ ፎቶ አንስቶ ያዋህዳቸዋል፣ ነጠብጣቡን ያጠፋል፣ ፊት ፈልጎ ያበራል። ያ ሁሉ የሶፍትዌር ሥራ ነው። ያንተ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው፤ አንዱን ፎቶ አንስቶ እንዳለ ይሰጥሃል፤ ቀሪው ሥራ የአንተ ነው። በራው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሳና በኮምፒውተር አስተካክለው። የካኖን የራሱ ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ዳርክቴብልና ሮውቴራፒም ነፃ ናቸው። ስልኩንም ቢሆን በምትዘል ልጅ ላይ ሞክረው። የተቀመጠች ልጅ ላይ እንጂ የምትዘል ልጅ ላይ እሱም ይደበዝዛል።

ወደ ወፉ ፎቶ ልለፍ። ሐይቁ ዳር ዛፍ ላይ ያረፈ ዓሣ በል ንስር ነው። ሻተሩ 1/500፣ ብርሃኑም የጠዋት፣ ሁሉም ደህና ነው። ነገር ግን ሌንስህ 55 ላይ ነው ያለው። ወፉ በጣም ሩቅ ስለነበር ከፎቶው ጥግ ቆርጠህ ነው ያወጣኸው። ካሜራህ 18 ሜጋ ፒክስል ያነሳል፤ የላክህልኝ ቁራጭ ግን አንድ ሜጋ ፒክስል አይሞላም። «ጥርት አይልም» ያልከው ይኼን ነው። ትኩረቱ ሳይሆን ርቀቱ ነው የጎዳህ።

አር10 24 ሜጋ ፒክስል ነው። ብዙ ይመስላል። በጎን ሲለካ ግን ከ5184 ነጥብ ወደ 6000 ነጥብ መሄድ ነው፤ ወፉ 16 በመቶ ያህል ብቻ ይጨምራል። ከ55 ወደ 250 የሚሄድ ሌንስ ግን ወፉን ከአራት እጥፍ በላይ ያጎላዋል። ካኖን 55-250 ኤስቲኤም የሚባለው ሌንስ ላንተ ካሜራ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ያገለገለም ይገኛል። እሱን እስክታገኝ አሞራ ገደል ውረድ። እዚያ ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን ትርፍራፊ ለመልቀም አባ ኮዳዎቹ ሰው እግር ሥር ነው የሚመጡት። በ55 ራሱ ፍሬሙን ይሞሉልሃል። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምረህ ተገኝ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ ያ የሚያምረው ዝቅ ያለ ብርሃን ብዙ አይቆይልህም።

ስለ ወፍ ግን ለአዲሱ ካሜራ ፍትሕ ልስጠው። የምትፈልገው የሚበር ወፍ ከሆነ፣ አር10 የወፍን ዓይን ራሱ ፈልጎ ይከተላል። በሰከንድ 15 ፎቶ ያነሳል፤ ያንተው 5 ነው። እዚህ ላይ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። አንተ የላክህልኝ ግን የተቀመጠ ወፍ ነው።

ሦስተኛው የሠርጉ ፎቶ ነው። የመልስ ፕሮግራም ይመስለኛል። ሙሽሮቹ ነጭ የሀበሻ ልብስ ለብሰው ድንኳን ሥር ቆመዋል፤ ከኋላቸው የቀን ብርሃን አለ። ፊታቸው ጨልሟል። ሻተሩም አይ ኤስ ኦውም ምንም ችግር የለባቸውም፤ ብርሃን ሞልቶልህ ነበር። የተሳሳተው ልኬቱ ነው።

የካሜራው የብርሃን መለኪያ ሰው መሆኑን፣ ሠርግ መሆኑን አያውቅም። ፊቱ ያለውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ነው የሚሞክረው። ፍሬሙ በነጭ ቀሚስ፣ በነጭ ነጠላና በነጭ ሰማይ ሲሞላ «ብርሃን በዛ» ብሎ ይደመድማል፤ ሁሉንም ያጨልመዋል። ነጩ ግራጫ ይሆናል። ጠይም ፊት ደግሞ ከዚያም በታች ይወርዳል። ይህ እኛን ከማንም በላይ የሚነካን ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም የበዓላችን ልብስ ነጭ ነው፣ ፊታችን ጠይም ነው፣ ፀሐያችን ኃይለኛ ነው። በፊልም ዘመን ነገሩ የባሰ ነበር። ኮዳክ ለሕትመት ቤቶች ይልከው የነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ የምትታየው ነጭ ሴት ነበረች፤ የሸርሊ ካርድ ይሉት ነበር። ቀለሙ በእሷ ቆዳ ሲለካ የእኛ ፊት ዝርዝሩን ያጣ ነበር። ዛሬ ሴንሰሩ ያንን አያደርግም። መለኪያውን ግን አንተ ልትነግረው ይገባል።

አነጋገሩ ቀላል ነው። ካሜራህን ኤቪ ሞድ ላይ አድርግ፤ አፐርቸሩን አንተ ትመርጣለህ፣ ሻተሩን ካሜራው ይመርጣል። የብርሃን ማካካሻውን ቁልፍ (የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን) ተጭነህ መዘውሩን ወደ መደመር አዙር፤ ለነጭ ልብስ ሁለት ሦስተኛ ወይም አንድ ስቶፕ። አንድ አንሳ፣ ፊቱን ስክሪኑ ላይ ተመልከት፣ አስተካክል። ከኋላ ያለው ሰማይ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። ይጥፋ። ሰው ሠርጉን ሲያስታውስ የሚፈልገው ፊቱን ነው። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ሙሽሮቹን ራሳቸውን አዙራቸው። ድንኳኑ አፍ ላይ ቁመው ፊታቸው ወደ ውጭ፣ ጀርባቸው ወደ ጨለማው ይሁን። ያው ቦታ፣ ያው ሰዓት፣ ሌላ ፎቶ ይወጣል።

የድንኳኑንም ነገር አትርሳ። ሸራው ሰማያዊ ወይም ቢጫ ከሆነ ሥሩ ያለውን ሁሉ ያቀልማል። ፎቶህ ላይ የሙሽራዋ ነጠላ ወደ ሰማያዊ ያደላው ለዚህ ነው። በራው ብታነሳው ኖሮ ኮምፒውተር ላይ ነጠላዋን «ይህ ነጭ ነው» ብለህ በመንካት ብቻ ይስተካከል ነበር። የትኛውም አዲስ ካሜራ ከዚህ ሸራ አያድንህም።

ሚረርለስ እዚህ የሚሻልበት ነገር አለ። በማያው (ዓይንህን አስጠግተህ በምታይበት ቀዳዳ) ውስጥ ፎቶው ከመነሳቱ በፊት ምን ያህል እንደጨለመ ይታይሃል፤ ሴንሰሩም ጥላን ከኋላ ስታበራው ብዙ ነጠብጣብ አያወጣም። 700ዲ ጥላው ሲበራ ቶሎ ይበላሻል። ይህ እውነተኛ ልዩነት ነው። ግን አስቀድሞ የማየቱን ጥቅም አሁንም ታገኘዋለህ፤ ላይቭ ቪው አብራና በሚታጠፈው ስክሪን ተመልከት፤ ጨለማውን ሳታነሳ ታየዋለህ።

«አርጅቷል» የሚሉህን በተመለከተ። የካኖን አለቃ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ላይ እንደተናገሩት 1ዲኤክስ ማርክ 3 የኩባንያው የመጨረሻው ዋና ዲኤስኤልአር (እንዳንተው ያለ ባለ መስታወት ካሜራ) ነው። ኩባንያው ፊቱን ወደ ሚረርለስ አዙሯል። ያ ማለት ግን ያንተ ካሜራ ነገ ይቆማል ማለት አይደለም። እንዲያውም ሰው ወደ ሚረርለስ ሲሄድ የድሮዎቹን ሌንሶች እየሸጠ ነው፤ ላንተ ጥሩ ጊዜ ነው። አንተን ሊያሳስብህ የሚገባው ባትሪው ነው። ኤልፒ-ኢ8 የሚባለውን ባትሪ ጥሩውን አንድ ተጨማሪ ግዛ። ፎቶዎችህም ትንሽ አይደሉም። 18 ሜጋ ፒክስል በጥሩ ጥራት እስከ ኤ3 ወረቀት ድረስ ይታተማል። ከልጆችህ ፎቶ በጣም የምትወደውን ወስደህ ኤ3 አሳትመው። ከዚያ በኋላ ሜጋ ፒክስል ይጎድልሃል የሚል ሰው አትሰማም።

ታዲያ መቼ ነው «አዎ፣ ግዛ» የምልህ? ቪዲዮ መሥራት ከጀመርክ ግዛ። 700ዲ ፎር ኬ የለውም፤ ቪዲዮ ላይ የሚንቀሳቀስ ፊት መከተልም በጣም ያስቸግረዋል። የሚበሩ ወፎች ልብህን ከወሰዱት ግዛ። በሰፊው የሚከፈት ሌንስና ጥሩ ብርሃን ይዘህም የሚሮጡት ልጆችህ ላይ ትኩረቱ እየሳተ ከቀጠለ ግዛ፤ የአዲሶቹ ዓይን መከታተያ ያንን በእርግጥ ይፈታዋል። ሠርግ በክፍያ ልትሠራ ካሰብክ ግን አር10 ራሱ ትክክለኛው አይደለም። አንድ የሜሞሪ ካርድ ቦታ ብቻ ነው ያለው። የሰው ሠርግ አንድ ካርድ ላይ ብቻ ይዞ መሄድ አይገባም፤ ካርድ ይበላሻል፣ ሠርግ አይደገምም። ታላቅ ወንድሙ አር7 ሁለት አለው። ለዚያ ሥራ ለእሱ አጠራቅም።

አሁን የምትገዛው ሌንስ ያኔም አይጣልም። 50ውም 55-250ውም በካኖን አዳፕተር አር10 ላይ ይገጠማሉ፣ ትኩረታቸውም በደንብ ይሠራል። ተገላቢጦሹ አይሆንም፤ የአር10 ሌንስ 700ዲ ላይ አይገባም። ስለዚህ ከሌንስ መጀመር ሁለት ጊዜ ይጠቅምሃል።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ግን ያለህ ካሜራ ጤነኛ መሆኑን አረጋግጥ፤ ያገለገለ የገዛኸው ነውና። ሌንሱ ፊት ላይ ርካሽ ፊልተር ካለ አውልቀህ ሞክር፤ ማታ አምፖል ፍሬሙ ውስጥ ሲኖር ጭጋግ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ቀጥሎ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ። ጽሑፍ ያለበት ካርቶን ከፊት ለፊቱ አቁም። አንዴ በማያው አንሳ፣ አንዴ በላይቭ ቪው። ሁለቱን አጉልተህ አነጻጽር። የላይቭ ቪው ሁልጊዜ ጥርት ካለና የማያው ሁልጊዜ ከደበዘዘ፣ የካሜራው ትኩረት መለኪያ ተዛብቷል ማለት ነው። 700ዲ ይህን በሜኑ ማስተካከል አይችልም፤ ጥገና ቤት ነው የሚሄደው። የጥገናው ዋጋ ካሜራውን የሚያክል ከሆነ፣ ያኔ ሐሳቤን እቀይራለሁ፤ ሌላ አካል ፈልግ። ሌላው ደግሞ አቧራ ነው። አፐርቸሩን ኤፍ 16 አድርገህ ባዶ ሰማይ አንሳ። ጥቁር ነጠብጣቦች ካየህ ሴንሰሩ ላይ ነው። በአፍህ አትንፋበት፤ በእጅ የሚጨመቀውን መንፊያ ተጠቀም። በበጋ ነፋስ ላይ ቆመህም ሌንስ አትቀይር።

ከጓደኞችህ አንዱ አር10 ካለው አንድ ምሽት ተዋሰው። እዚያው ሳሎን፣ እዚያው አምፖል ሥር፣ ልጅህን በሁለቱም አንሳት። ሻተሩን ሁለቱም ላይ 1/125 አድርግ። ያንተው ላይ 50ውን ግጠም፣ የእሱ ላይ የራሱን 18-45። ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ለባለቤትህ አሳያት፤ የትኛው ካሜራ እንደሆነ ግን አትንገራት።

50ውን ያገለገለ ስትገዛ ካሜራህን ይዘህ ሂድ። ግጠመው፣ ቅርብና ሩቅ እያቀያየርክ ትኩረቱ ሳይንገጫገጭ መሄዱን አዳምጥ። ሌንሱን ብርሃን ፊት ይዘህ ወደ ውስጥ ተመልከት፤ ክር መሳይ ሻጋታ ካለ ተወው፣ ትንሽ አቧራ ግን ምንም አያደርግም። በኤፍ 1.8ም በኤፍ 8ም አንሳና ሁለቱን አነጻጽር፤ ብርሃናቸው እኩል ካልሆነ የአፐርቸሩ ምላጭ ተጣብቋል። ሻጩ ይህን ሁሉ ለመሞከር ጊዜ የማይሰጥህ ከሆነ ሌላ ሻጭ ፈልግ፤ ይህ ሌንስ በብዛት የተሸጠ ስለሆነ ሌላ አይጠፋም።